የሳህሊቱ ቦታ

መስከረም 30
ዓይኗ ደክሞ ስም አሳስታ ጻፈች ይሉኛል። ሐሰት ነው። ዓይኔ ደህና ነው። የሳህሊቱን ስም አንድ ፊደል ሳልስት ነው የጻፍኩት። ታዲያ የእንቁ ስም ከየት መጣ? ... እስካሁን አላወቅሁም።

በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ከትናንት ወዲያ የሩሐማ እናት ሳህሊቱ አረፉ። የእድራችን ጸሐፊ ዑሙልኸይር እኔ በሠራሁት ፕሮግራም ለአባላቱ ስልክ መርዶውን ላከች። መልእክቱ ግን «ወ/ሮ እንቁ አረፉ» ብሎ ደረሰ። የእድሩ ጎልማሶች ድንኳን ተሸክመው እንቁ ደጅ ሄዱ፤ በሩን ራሷ እንቁ ከፈተችላቸው።

«የማነው ድንኳኑ?»
«የእርስዎ ነው፣ እማማ።»
«እንግዲያው ቆዩ፣ ሽሮዬን ላውርድ!»

ሰው ሳቀ። ከሳቀም በኋላ ተበተነ። ሌላ የሞተ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። ሳህሊቱን የተሸከሟቸው አማቻቸው፣ የሩሐማ ባል ማቲዎስና ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 3
ሩሐማን ገበያ አየኋት። ፊቷን አዞረች። ትክክል ናት።

ጥቅምት 9
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት...

ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ ስጽፍ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ስትራክት፣ ማለትም የመረጃ ማኅደር፣ አበጀሁ። መጨረሻው ላይ መጠኑ ያልተወሰነ የስሞች ድርድር አለ። ስንት ስም እንደሚገባ ቆጥሮ ያንን ያህል ቦታ ማሎክ በሚባለው ትእዛዝ ከማሽኑ መጠየቅ ፕሮግራሙን የምትጽፈዋ ፋንታ ነው። ማሽኑ አይቆጥርልሽም።

በእድራችን ደንብ የሚስት እናት የምትጨመረው ኋላ፣ ጉባኤ ሲፈቅድ ነው። እኔም እንደ ደንቡ ሠራሁ። ለማቲዎስ ቤት በመጀመሪያው ቁጥር ልክ ቦታ ወሰድኩ። ሳህሊቱን ከዚያ በኋላ ጨመርኳቸው። ቁጥሩን ከፍ አደረግሁ፤ ቦታውን አላሰፋሁም። ስማቸው ከቤቱ ወሰን ወጥቶ ማንም ያልያዘው ቦታ ላይ አረፈ። ቀጥሎ የእንቁ ቤት መጣ፣ ያው ቦታ ተሰጠው፣ ስሟ በሳህሊቱ ስም ላይ ተጻፈ፤ መርዶውም ያንን አነበበ። ማሽኑ ትንፍሽ አላለም።

ሞክሬው ነበር። በሙከራዬ ውስጥ ግን ኋላ የመጣ ሰው አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የጻፍኩ ሴት ይህን እንዴት እስታለሁ?

ጥቅምት 11
አረምኩት። አሁን ሰው ሲጨመር አስቀድሞ ሪአሎክ በሚባለው ትእዛዝ ሰፊ ቦታ ይጠየቃል። ከተገኘ ብቻ ስሙ ይጻፋል። ቤቱ በማሽኑ ውስጥ ወደ ሌላ አድራሻ ቢዛወርም አዲሱን እይዛለሁ።

እንቁ መጣች። «እንግዲህ አሁን ብሞት በትክክል ትገድይኛለሽ?» አልሳቅሁም።

ጥቅምት 20
ሩሐማ ቤት ሄድኩ። ተቀመጡ አላለችኝም። ቆሜ ነገርኳት።

«ኮምፒውተሩ ነው አሉኝ።»
«ኮምፒውተሩ አይደለም። ለእናትሽ ቦታ ሳልይዝ ስማቸውን ጻፍኩ። እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። ከዚያ... «እማዬ ከቦርደዴ ከእኛ ጋር ልትኖር ስትመጣ፣ ቤት አላጣብብባችሁም ትል ነበር።»



ጥቅምት 24
ጉባኤ ነበር። እኔ አልሄድኩም። ዑሙልኸይር ማታ መጣች። «ወላሂ እትዬ፣ ሁሉም አቀረቀረ። ፕሮግራሙ ይቅር አይቅር፣ ሩሐማ ትወስን ተባለ።»
ተገቢ ነው።

ኅዳር 6
ሩሐማ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ተናገረች።
«ነገ የእማዬ አርባ ነው። መልእክቱ በእርስዎ ፕሮግራም ይሂድ። መጀመሪያ ግን ስሟን ለእኔ ያሳዩኝ።»
ይቅር ብያለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ነገ መጀመሪያ፦
የማቲዎስን ቤት ስሞች ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ፣ እስከ መጨረሻው።
ለሩሐማ ማሳየት። እሺ ካለች መላክ።
ከሰው ሁሉ ቀድሜ የአርባው ድንኳን ጋ መድረስ።