በባለ ካባው ፊልም ላይ ያልጻፍኩት አስተያየት

ውድ ሰብለ ወንጌል፣

«ውድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። በሦስተኛው ተውኩት። ያደረግሽብኝን ሁሉ አንድ በአንድ ካስታወስኩ በኋላም ቃሉ ውሸት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ይህም ራሱ አናደደኝ።

የምጽፍልሽ ወለቃ፣ ከአባቴ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። ጊዜው ቀትር ነው። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ብረት ይቀጠቅጣል። ሥራ ኖሮት አይደለም፤ ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ ወደ እኛ መምጣት ካቆመ ወር አልፎታል። የሚቀጠቅጠው ለእኔ ነው። መንገዱ ላይ ሰው እስከሌለ ድረስ መዶሻው ይሰማል። ሰው ብቅ ካለ ያቆማል፤ እኔም ወረቀቱን ከወናፉ ሥር እደብቃለሁ። ስለዚህ ነገሬ መሐል ላይ ቢቆራረጥብሽ አትገረሚ። 

ባለ ካባው የምንለውን ያን ደም መጣጭ መቼም አትረሺውም። መጀመሪያ ያየነው ሰባተኛ ክፍል ሳለን ነው። በየፊልሙ መጨረሻ ይሞታል፤ አንዴ ልቡን በእንጨት ችካል ተወግቶ፣ አንዴ ፀሐይ አግኝቶት፣ አንዴ ወንዝ ወስዶት። በሚቀጥለው ፊልም ካባውን አራግፎ ይነሣል። ቅዳሜ ሰንበቴ ስለሆነ፣ ሌላው ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ሲያይ አንቺ እኔን ጠብቀሽ እሑድ ታይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተሽ፣ ነጠላሽን ሳትቀይሪ፣ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ትይዢልኝ ነበር። ይህንንም አልረሳሁም።

ጥርሱን መጀመሪያ ያሳየ ዕለት፣ ከኋላችን የተቀመጡት ወንዶች ፊልሙን ትተው እኔን አዩ። «ዘመድሽ መጣ!» አለ አንዱ። የቤተ እስራኤል ልጅ፣ የብረት ሠሪ ልጅ፤ ቡዳ ለማለት እንደፈለገ ማንም አላጣውም።  ሌላ ሰው ሳይቀጥልበት ግን ዞር ብዬ፣ «አጎቴ ነው፤ ቅዳሜ ስለሚያርፍ እሑድ መጥታችሁ እዩት ብሎኛል» አልኩ። ረድፉ በሙሉ ሳቀ። በእኔ ሳይሆን ከእኔ ጋር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሁለታችን ቀልድ ሆነ። ባለ ካባው ብቅ ባለ ቁጥር፣ «አጎቴን እንዴት አገኘሽው?» እልሻለሁ፤ አንቺም፣ «ከስቷል፤ አምጪውና ጎንደር ይሰንብት» ትይኛለሽ።

መዶሻው ቆመ።

ተመልሷል። ሁለት ሴቶች ውሃ ቀድተው ነው ያለፉት። አንደኛዋ በራችን ፊት ስትደርስ ያዘለችውን ልጅ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው።

መሐል ላይ አብዮቱ መጣ፤ እንዲህ ያለው ፊልምም ቀረ፤ እኛም አደግን። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ አንቺ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ገባሽ። ባለፈው ኅዳር «ባለ ካባው ተመልሷል፤ ስምንተኛ ክፍል» የሚል ማስታወቂያ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ፣ በምሳ ሰዓትሽ እየሮጥሽ ትምህርት ቤቴ መጣሽ። «አጎትሽ አልሞተም!» አልሽኝ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆመሽ። ተማሪዎቼ ሰሙሽ። እኔም እንደ ሞኝ ሳቅኩ።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገባን። የቀበሌው የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ በላቸው ከሸራው ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ። «ጓዶች! ይህ ፊልም ፊውዳሉ የጭቁኑን ሕዝብ ደም እንዴት እንደመጠጠ ያሳያል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ተመልካች አስተያየቱን ይጽፋል። ስም አያስፈልግም። ሳይጽፍ የሚወጣ ግን የለም።» ከዚያ አብዮት ጠባቂዎቹ በሩን ዘጉት።  ስም የማይጠይቅ ሰው በምን እንደሚለየን ያውቃል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አንቺ ኦቾሎኒ ትፈለፍዪ ነበር።

ፊልሙ አራት ጊዜ ተበጠሰ። ሰው ሲጮህ፣ ከማሽኑ ክፍል አያ ምናለ አንገቱን አውጥቶ፣ «እሱ ሰባት ጊዜ ሞቶ ሲነሣ፣ እናንተ አምስት ደቂቃ መታገሥ አቃታችሁ?» አለን። ባለ ካባው አርጅቷል። ካባው አጥሯል፤ በቀን ጥቁር መነጽር አድርጎ ከተማ ለከተማ ይዞራል። አንድ መንደር ውስጥ ሰው መሞት ሲጀምር፣ የመንደሩ ሰዎች ደም መጣጯ ብቻዋን የምትኖረው መጤዋ ልብስ ሰፊ ናት ብለው ቤቷን አቃጠሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። አንቺም አጨበጨብሽ። ቤቱ እየነደደ ባለ ካባው በመንገዱ ማዶ ኮፍያውን ነክቶ ሲያልፍ፣ «ውይ! እሷ አልነበረችም እኮ!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ እጆቼን ጭኖቼ መሐል ከትቼ ነበር። ሴትዮዋ ከእሳቱ ትውጣ አትውጣ ፊልሙ አይናገርም።

ወረቀት ታደለ። ምን ልጻፍ? ያሰብኩትን ብጽፍ ያስይዘኛል፤ ያላሰብኩትን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ባዶውን አጥፌ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አንቺ እየሳቅሽ በጉልበትሽ ላይ ትጽፊ ነበር። «ምን አልሽ?» ብልሽ፣ «ስታነቢው ትስቂያለሽ» አልሽኝ።

ረቡዕ ዕለት አስተያየቶቹ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ወጡ። አብዛኛው፣ «ኢምፔሪያሊዝም ደም መጣጭ መሆኑን ተረድቻለሁ» የሚል ነው፤ ሰው ደኅና ወጥቶ ለመግባት የጻፈው። አንዱ፣ «ባለ ካባው አርጅቷልና ጡረታ ይውጣ» ብሏል። ሌላው፣ «ነጭ ሽንኩርት ብቻ ለምን? ጤና አዳምም ይሞከር።» አንዱ ደግሞ፣ «የበፊቶቹ ይሻላሉ፤ የዚህኛው ጥርስ ሰው ሠራሽ መሆኑ ያስታውቃል።» እያነበብኩ ፈገግ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ታችኛው ጥግ ደረስኩ።

«ለእኛ ለጎንደሮች ይህ ምን አዲስ ነው? የፊልሙ ቡዳ መስተዋት ውስጥ አይታይም፤ የእኛይቱ ግን ሸጋ ሆና ትታያለች። ቾክ ይዛ ታስተምራለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣም ኦቾሎኒ ትበላለች። ባለ ካባው አጎቷ ነው፤ እንኳን ደኅና መጡ በሏቸው።»

ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ጽሕፈትሽ ይጠፋኛል? የ«ለ»ን ቀኝ እግር ከመስመር በታች ታወርጂያለሽ። ለእኔ እንደጻፍሽው ገባኝ፤ ልታስቂኝ ነው የፈለግሽው። ግን ቀልዱን ከሁለታችን መሐል አውጥተሽ ግድግዳ ላይ ስትሰቅዪው ከተማው እንደ ቀልድ የሚያነበው መሰለሽ?

በማግስቱ ከአርባ ስምንቱ ተማሪዎቼ ዐሥራ አንዱ ቀሩ። የመጡትም በመካከላቸው ሳልፍ ዳቧቸውን ከደብተራቸው ሥር ይደብቁ ጀመር። ልጆች ናቸው፤ አልቆጣሁም። ግን መስኮት አጠገብ መቆም ፈራሁ። ሰው በኋላዬ ሲራመድ መስማት ፈራሁ።

ጓድ በላቸው አስጠራኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «ጓድ ባንቺአየሁ፣ ይህ የሕዝብን አንድነት የሚከፋፍል ጽሑፍ ነው። የጻፈውን ታውቂያለሽ። ስም ስጪን፤ ዛሬውኑ እናስገባዋለን።»

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። ስለወደድኩሽ ብቻ ዝም ያልኩ እንዳይመስልሽ። ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጠን፣ አባቴ ዕቃ እየሸጠ መሆኑን፣ በስውር ከአገር ለመውጣት እንደምናስብም ነግሬሻለሁ። ከቤተሰቤ ውጪ የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ቢያስሩ የሚጠይቁሽ ስለ ፊልም አይሆንም። ስትገረፊ በሐሳቤ አየሁሽ። ከዚያ እናቴን አየሁ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ሳቀ። «ራስሽን ቡዳ ብለሽ?»

«ቀልዱ የእኔ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የምቀልደው ነው። አብረውኝ የተማሩትን ይጠይቁ።»

መሳቁን አቆመ። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሲኒማ ቤት፣ በዚያው ሸራ ፊት አቆሙኝና ግለ ሂስ አደረግኩ። ስለ ራሴ የተጻፈውን ስድብ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ኋላቀር እምነት በማስፋፋቴ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቅኩ። የተሰደብኩትም እኔ፣ ይቅርታ የጠየቅኩትም እኔ። «ከማስተማር ሥራዋ እንድትነሣ የምትደግፉ!» አለ ጓድ በላቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሽ። እጅሽ እስከ ትከሻሽ ድረስ ብቻ ነው የተነሣው። ግን ተነሥቷል። ጭብጨባው ሲጀመር ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ከጥምቀት በኋላ ወይዘሮ አበቡ መጣች። ልጇ ብርቄ ተማሪዬ ነበረች። እኩለ ቀን ላይ ነው፤ መዶሻው ድንገት ጸጥ አለ። ስወጣ ሰባት ሰዎች ደጃፋችን ላይ ቆመዋል። ልጅቱ እናቷ ክንድ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

«ልጄን ልቀቂልኝ» አለች ወይዘሮ አበቡ ተንበርክካ። «ስምሽን እየጠራች ነው የምትቃዠው። እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ፤ እንትፍ በይባትና ልቀቂያት።»

«ትትፋ!» አለ አንዱ ዱላ የያዘ። «ካልተፋች ይህ ቤት ሣር ክዳን ነው።»

ሣሩን ቀና ብሎ አየው። ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለችኝ። እንትፍ ብዬባት ብትድን ቡዳነቴን አመንኩ፤ ብትሞትም ገዳይዋ እኔ ነኝ። እምቢ ብል እሳቱ አለ። አባቴ መዶሻውን አጥብቆ ይዟል፤ ካነሣው ሁላችንም እንዳለቅን ነው። ግንባሯን ዳበስኩ፤ እሳት ነው።

«ወይዘሮ አበቡ፣ ብርቄ የት ነበረች የከረመች?»

«ደንቢያ፣ አያቷ ዘንድ።»

«ወባ ነው የያዛት። ይስጡኝ።»

ሳትሰጠኝ ከክንዷ ወሰድኳት፤ አዘልኳትና አቀበቱን ወደ ከተማ ወጣሁ። ሰባቱ ከኋላዬ ናቸው። የዱላው ጫፍ ድንጋይ ሲነካ ይሰማኛል። ልጅቱ ጀርባዬ ላይ ብትሞት መንገዱን አልጨርሰውም። «ብርቄ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ በይልኝ» አልኳት። «ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት» አለች በሰለለ ድምፅ። ድምፅዋ በጠፋ ቁጥር አስደግማታለሁ። አንድ ጊዜም ዞሬ አላየሁም። ዞሬ ባይ ኖሮ እሮጥ ነበር።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። በመስኮትሽ በኩል፣ «የበሽተኛዋ ስም?» አልሽኝ ቀና ሳትዪ። ድምፄን ስትሰሚ ብዕርሽ ቆመ። «ባንቺ… ምነው አንቺ ተሸከምሻት?» አልሽ በሹክሹክታ። «ሌላ ማን ይሸከማት?» አልኩሽ። ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ። «እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ…» ብለሽ ጀመርሽ። ከዚያ ባለ ዱላውን ከኋላዬ አየሽው። ካርዱን ገፋሽልኝና፣ «ቀጣይ!» አልሽ።

ጽሑፍሽን ይቅር ብያለሁ። የተነሣውንም እጅ፣ ፈርተሽ ነውና አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። «ቀጣይ!» ያልሽውን ግን አልቻልኩም።

ብርቄ በአራተኛው ቀን ድና ወጣች። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ። ወይዘሮ አበቡ ለሰፈሩ ያወራችው፣ «መርፌውን ስታይ ደንግጣ ለቀቀቻት» ብላ ነው። መዳኗ ማስረጃ ሆነብኝ። ባለ ዱላውም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር ሣሩን አይቶ ሄዷል።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ከሄድን ስምንት ቀን ይሆነናል። በየት በኩል እንደምንሄድ አልጽፍም። ይለፍ ወረቀት የለንም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እፈራለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ስጽፍልሽ ቀልድ አላገኘሁለትም። ከአንቺ ቀድሞ ይህን የከፈተ ሌላ ሰው ካለም ስሜን ደብቄ አላስቸግረውም፤ ከታች ሙሉ ስሜን ያገኘዋል።

ያንቺን ወረቀት መልሼልሻለሁ፤ የፈለግሽውን አድርጊው። ባዶ የሰጠሁትን የእኔን አስተያየት ደግሞ እዚሁ ጽፌዋለሁ። ግድግዳ ላይ ለጥፊው አልልሽም። በርሽን ዘግተሽም ቢሆን በድምፅሽ አንብቢው፤ አንድ ጊዜ፣ ጮክ ብለሽ። መዶሻው ቆሟል፤ አሁን ግን ሰው መጥቶ አይደለም። አባቴ በጨርቅ እየጠቀለለው ነው።

የተመልካች አስተያየት፦ ፊልሙ ያስፈራል። ያስፈራኝ ግን ባለ ካባው አይደለም፤ እሱ አርጅቷል። ያስፈራኝ፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት ሲቃጠል የተጨበጨበው ጭብጨባ ነው። ግድግዳው ላይ ከወጡት አስተያየቶች ሁሉ ስለ እሷ የጻፈ አንድም የለም። ትውጣ አትውጣ ፊልሙ ባይናገርም፣ እኔ ቤቱን አስተውዬ አይቼዋለሁ፤ በጓሮ በኩል በር አለው። ወጥታለች። ዘጠነኛ ክፍል የሚሠራ ካለ ከእሷ ይጀምር።

ባንቺአየሁ ይባረክ
ሦስተኛው ረድፍ