ባለቤቴን «ቁልፌ» ብለው ለሰየሙት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለልጅ ልጅዎ፣ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ የአባልዎ የ«ቁልፌ» ሚስት ነኝ። እርስዎ ይህን ስም ካወጡለት ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንደኛ፣ ስም በማውጣት ችሎታዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን «ጌጤ»፣ አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስበውን «ሙዚየም»፣ ጥይት አጉርሶ የሚያድረውን ደግሞ «ወንዱ» ብለውታል። ባለቤቴ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ በብረት ሣጥን ስለሚቆልፍ፣ ቁልፉንም አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል «ቁልፌ» ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛ፣ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሌባ ሲገባበት «ወንድሜ፣ ቁልፌን እስካገኝ አረፍ በል» ይለው እንደሆነ በመጠየቅ አዳራሹን በሳቅ ስላናወጡልን አመሰግናለሁ። እሱም አብሮ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ግን ቁልፉ ከአንገቱ ወረደ፣ ሽጉጡም ጥይት ጎርሶ ትራሱ ስር ገባ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ «እስከ መቼ የሰው መሳቂያ ልሁን?» አለኝ።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሥራ ስለረፈደብኝ አንድያ ልጃችን አልጋችንን ልታነጥፍልኝ ገባች። እያንጎራጎረች አንሶላውን ስትጎትት ሽጉጡ አብሮ መጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ተኩሱን የሰማሁት በር ላይ ጫማዬን ሳስር ነው። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ልቤ ተሰብሯል። እንጉርጉሮዋ ግማሽ ላይ ቀርቷል፣ እኔም እዚያው ቀርቻለሁ።

ለቅሶ ቤት መጥተው ባለቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ስለጠሩት ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ። ቀና ብሎ ስላላየዎት ይቅርታ ያድርጉለት፤ አሁን እኔም ስጠራው አይሰማም። አባላትዎ ጥግ ይዘው «ሰውዬው ጥንቃቄ ይጎድለው ነበር» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ቁልፌ! ጥንቃቄ የጎደለው!

ከፍ ካለ አክብሮትና ሊደርቅ ካልቻለ እንባ ጋር፣
ማኅበርዎ ገና ስም ያላወጣላት፣ የአባልዎ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጅ ልጅዎ አልጋ ማንጠፍ እንደጀመረች ሰምቻለሁ፤ ትደግልዎ። የባለቤቴን ቁልፍ ከነማንጠልጠያው ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ይውሰዱት። እኛ ከእንግዲህ መሣሪያ የምንቆልፍላት ልጅ የለችንም።