ሁለተኛዋ ምት

ሰኞ፣ የካቲት 10

መታኋት። ሁለቴ ነው የመታኋት። የመጀመሪያዋን ሰው ሁሉ አይቷል፤ ሁለተኛዋን ከእኔና ከእሷ በቀር ያየ የለም።

ለድርጅቱ የምጽፈው ደብተር ሌላ ነው። የሥልጠና ኃላፊዋ ሰብለ ከፍኖተ ሰላም ዋናው ቢሮ መጥታ «አሰልጣኝ የሆናችሁ ሁሉ የዕለት ውሏችሁን ጻፉ» ብላ ደብተር አድላናለች። እዚያ ላይ «ሠልጣኟ እጇን ወደ ማሽን ስታስገባ በእንጨት እንድትመለስ ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ። «እንድትመለስ ተደርጓል»ን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከጻፈ የሚደብቀው አለ ማለት ነው።

የሆነው ይኼ ነው። ጥሩወርቅ በሽንዲ በኩል ካለ ገጠር የመጣች የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሠላሳ ቢሆናት ነው። እዚህ ቡሬ፣ የበርበሬ ፋብሪካችን ከተቀጠረች ሳምንቷ ነው። አሥራ አምስት ቀን ከእኔ ሥር ተምራ ፈተናውን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች። ጠዋት ወፍጮውን በርበሬ አነቀው። ሲያንቀው መጀመሪያ ማሽኑ ይጠፋል፣ ከዚያ በእንጨት ይገፋል። ሦስቴ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ማሽኑ እየዞረ መዳፏን ዘርግታ በርበሬውን ወደ ብረቱ ጠረግ አደረገችው።

መግፊያው እንጨት በእጄ ነበር። ክንዷ ላይ አሳረፍኩት። እጇ ወጣ። ጣቶቿ አምስቱም አሉ። ሰው እየጮኸ ወደ ማጥፊያው ሮጠ። እሷ ግን ሳቀች። አሁን ሳስበው ደንግጣ ነው የሳቀችው። ያኔ ደሜ ፈላ፤ እንጨቱን መልሼ አነሳሁና አፏን አልኳት። የፊት ጥርሷ ሲሰበር ቆሎ እንደ መቆርጠም ያለ ድምፅ ሰማሁ።

ሰዎቹ ሲዞሩ አፏ ደም በደም ሆኗል። «የቋቱ ጠርዝ መታት» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አልመጣችም።

የፈረቃ ኃላፊያችን አቶ ምናሉ በሠራተኛው ፊት አመሰገነኝ። «እጅሽን ይባርከው፣ ወይዘሮ እታገኝ። እኛስ በምን ተማርን? በኩርኩም አይደል?» አለኝ።

ነገሩስ እውነት ነው። እኔ ሙያውን ጅጋ ነው የተማርኩት፣ ከአንዲት ባለወፍጮ ሴትዮ። ስሳሳት በወንፊቱ ጠርዝ አናቴን ትለኝ ነበር። ጠባሳው አሁንም አለ። ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ በጣቷ ባገኘችው ቁጥር «ይኼ ምንድነው እትዬ?» ትላለች። «ትምህርት ቤቴ ነው» እላታለሁ፤ እንስቃለን።

ዛሬ ግን አላሳቀኝም።

ካቻምና እዚሁ ወፍጮ ላይ በላይ የሚባል ሠራተኛ አራት ጣቱ ሄዷል። በርበሬው ቀይ፣ ደሙ ቀይ፤ የቱ ጋ እንደ ጀመረ መለየት አቃተን። እሱ ራሱ ቆሞ እጁን ያያል እንጂ አልጮኸም። ጣቶቹን በወንፊት ነው የለቀምናቸው። ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ። በርበሬው እንዲቃጠል ታዘዘና ጭሱ ሰፈሩን ሁለት ቀን ሲያስነጥሰው ሰነበተ። በላይ አሁን ሎተሪ ያዞራል።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ ምት አትቆጨኝም። ነገም ቢሆን እደግማታለሁ። ሁለተኛዋንም በበላይ ጣት ላሳብብ ሞክሬ ነበር። አይሆንም። ስለሳቀችብኝ ነው የመታኋት።

ረቡዕ፣ የካቲት 12



ምሳ ሰዓት ላይ የጥሩወርቅ ወንድም መጣ። ስሙ ደመላሽ ነው። ስሙን ስሰማ ገና የመጣበትን አወቅሁ። ሁለት ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ በር ላይ ቆመ። «እህቴን የመታችው ሴትዮ የታለች?» አለ። ጮኾ እንኳ አልተናገረም። ዘበኛው «መሣሪያህን አስቀምጥና እንነጋገር» ሲለው በሰደፉ አገጩን አለው። ዘበኛው ወደቀ። ከእኛ ወገን አንዱ ድንጋይ ወረወረ፤ የአንዱን ዘመድ ግንባር ፈነከተው። ከዚያማ ምኑን ልንገር፣ ዱላ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ስድብ ነው።

እኔ የጆንያው ክምር ኋላ ተደብቄ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ጆንያ አያድንሽም» እያለ ገባ። ተኮሰ። ጥይቱ ከራሴ በላይ ያለውን ጆንያ በሳው፤ የተፈጨው በርበሬ ቦለቀ። ዓይኔ ጠፋ። ሁሉም ማሳል፣ ማስነጠስ፣ ማልቀስ ሆነ፤ ደመላሽም ጠመንጃውን እንደያዘ ያስነጥሳል። ያ ባይሆን ሁለተኛው ጥይት ይስተኝ ነበር አልልም። ዘበኛው ከወደቀበት ሆኖ ተኮሰና ባቱን አገኘው። ዘመዶቹ ተሸክመውት ወጡ። ሲወስዱት የተናገረውን ሰማሁ፤ «አሁን የሁለታችን ደም አለባት» አለ።

በዚህ አገር ተኩስ ለምደናል። ማታ ሲሰማ ሰው «ዛሬ በየት በኩል ነው?» ብሎ ትራሱን ያገላብጣል። ይኼኛው ግን በእኔ ስም የተተኮሰ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ከቤት አትውጪ ተብያለሁ። ሽማግሌ ተልኳል፤ ዋስ እስኪጠራና የሰላም ቃል እስኪያዝ ድረስ ደጄን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ደንቡ ነው።

ረፋዱ ላይ ጣሪያዬ ላይ ድንጋይ ዘነበ። ቆርቆሮው ሲጮህ የአልጋዬ ሥር ገባሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ። አንዱ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባ፤ የጡጫ ያህላል። ጎረቤት ሲጮህ ሮጡ።

ከሰዓት አቶ ምናሉ ወረቀት ይዞ መጣ። አነበብኩት። «ሠልጣኟ የተነገራትን ባለማክበሯ በራሷ ጥፋት ከማሽኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭታ ጥርሷ ተሰብሯል፤ ለሥራው ብቁ አይደለችም» ይላል። ከታች የአሰልጣኝ ፊርማ የሚል መስመር አለ።

«ፈርሚና ተገላገይ» አለኝ። «እሷ ትሰናበታለች፣ አንቺ የአሰልጣኞች ኃላፊ ትሆኛለሽ። እኔ ተነጋግሬያለሁ።»

«ወንድሟስ?» አልኩት።

«እሱን ለሕግ ተይው።»

ሕግ ጣሪያዬን የት ሆኖ እንደሚጠብቅልኝ አልነገረኝም። መነጽሬ ጠፍቶብኛልና ነገ አይቼ እፈርማለሁ አልኩት። መነጽሬ አናቴ ላይ ነበር። አየው፤ ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ።

የሚያስጨንቀኝን ልዘርዝር፤ እናቴ ጭንቀት ሲቆጠር ይቀንሳል ትል ነበር። ብፈርም ድሀ ሴት በእኔ ውሸት እንጀራዋን ታጣለች፣ ወንድሟም ይገድለኛል። ባልፈርም ከሥራ እወጣለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከሥራም እወጣለሁ፣ ምናልባት ይገድለኛልም።

አልቀነሰም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሰብለ ደወለች። መንገዱ ስለተዘጋ ከፍኖተ ሰላም መምጣት አልቻለችም። ደግ ልጅ ናት፤ ብቻ በሦስት ቃል መሐል አንድ እንግሊዝኛ ታስገባለች። «እትዬ እታገኝ፣ ፊድባክ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ምን ልስጥሽ ልጄ፣ በጄ ያለው የመስኮት ስብርባሪ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ሐቁን ብቻ ይንገሩኝ። ግን አስቀድመው ይወቁ፤ አሰልጣኝ ሠልጣኝን ከመታ አሰልጣኝነቱን እናነሳለን። ማስጠንቀቂያም አለው።»

እስከ ሰኞ ጊዜ ስጪኝ አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ እንዲያው እጄን ላፍታታ ብዬ የእናቴን የድንጋይ ወፍጮ አወጣሁ። ለጾሙ የምትሆን ትንሽ በርበሬ ነበረችኝ። ተንበርክኬ መጁን ስገፋ፣ ስመልስ፣ ስገፋ፣ እጄን አየሁት። በየመሐሉ መዳፌ ራሱ ሄዶ የተበተነውን በርበሬ ጠረግ አድርጎ ከመጁ ፊት ያደርጋል። እኔ አላዘዝኩትም። ሃያ ጊዜ ያህል ሆን ብዬ ላቆመው ሞከርኩ፤ አሥራ አምስቱን ጠረገ።

ተንበርክኬ እንደሆንሁ ቀረሁ።

ለካ ያቺ ሴት አላመፀችብኝም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተማረችውን ነው የሠራችው። እኔ «እጅሽን አታስገቢ» ብዬ ሦስቴ የነገርኩት ለጆሮዋ ነው። እጇ አልሰማም። እጅ ደግሞ ቢመታም አይሰማም፤ ይፈራል እንጂ። የፈራ እጅ ማሽን ላይ ይብስ አደገኛ ነው፤ በላይ እኮ በዚያን ዕለት ጠዋት በአቶ ምናሉ በጥፊ ተመትቶ ነበር። ይኼን ማንም አልጻፈውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዋስ ተጠርቷል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር እንገናኛለን። ቄሰ ገበዙ ልከውብኝ ነበር። «የመታሽው እጇን ለማዳን እንደሆነ ተናገሪ፣ ሌላ አትጨምሪ። እኛ እንጨርሰዋለን» ብለዋል።

ደግ ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። መነጽሬም አልተገኘም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ድንጋይ ተሸክሜ ገባሁ። በአንገቴ ላይ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ፣ እንደ ደንቡ። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ደመላሽ ባቱ ታስሮ፣ ዱላ ተደግፎ ቆሟል። ጠመንጃውን ሽማግሌዎቹ ይዘውለታል።

ቄሰ ገበዙ ነገሩን ጀመሩት። «ይቺ ሴት የመታችው እጇን ከብረት ልታወጣ ነው። ውሃ የወሰደውን ሰው በፀጉሩ ቢጎትቱት ነቀላችሁኝ ይላል ወይ? ጥርሷንም ብረቱ ነው የሰበረው። ስለዚህ ልጆቼ …»

«አባ» አልኩ ከድንጋዩ ሥር። «ሁለቴ ነው የመታኋት።»

ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ቀጠልኩ።

«አንደኛዋ ለእጇ ነበረች። ሁለተኛዋ እጇ ከወጣ በኋላ ነው። ጥርሷን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ብረት አይደለም።»

ደመላሽ ሲንቀሳቀስ አላየሁትም። ዱላው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ግን ድንጋዩም እኔም ወደቅን። ሁለተኛውን ሲያነሳ አምስት ሰው ተጠመጠመበት። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ፤ በዕርቅ ላይ መማታት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ነገሩት። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ተቀምጠው፣ «እንግዲህ የእሷ ሁለት፣ የእሱ አንድ፤ የመጀመሪያዋ ለደግ ነበረች ካላችሁ ተካክለዋል» አሉ። የሳቀም አለ። እኔ ትከሻዬን ይዤ መሬት ላይ ነኝ።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ከአፏ አነሳች። ክፍተቱን ሁሉም አየ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አሏት ቄሰ ገበዙ።

«ብናገር ማን ያምነኛል? እሳቸው ነባር ናቸው፣ እኔ የሳምንት ሰው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እትዬ። አንቱ ግን አልረሱም። ጥርሴ አይመለስም። ሙያውን ጀምረውልኛል፤ ይጨርሱልኝ። እንጨት ሳይዙ።»

«ሌላ ካሳስ?» አሏት ቄሰ ገበዙ።

«ለሁለት ልጆቼ እንጀራ ነው የምፈልገው። እንጀራው ያለው ወፍጮው ላይ ነው።»

ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። አነሳችኝ፤ ክንዷ ላይ የመጀመሪያዋ ምት ሰንበር እንደ ገመድ አብጦ ነበር።

ደመላሽ ማለ። መሣሪያ ላያነሳብኝ ማለ። ግን እህቱ ፈተናዋን እስክትጨርስ ድረስ በየቀኑ በር ላይ እቆማለሁ አለ። ይኼን የሚከለክል ደንብ የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ቀኝ እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት ያመኛል።

ጠዋት ለሰብለ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የበላይን ጥፊ ጭምር።  የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በስልኬ ደርሶኛል፤ ከዚህ ዙር በኋላ አሰልጣኝ አይደለሁም። የጥሩወርቅን ቀሪ ቀናት ግን እጨርሳለሁ፤ እሷ ራሷ ስለጠየቀች። አቶ ምናሉ በአጠገቤ ሲያልፍ እንደ ባዶ ጆንያ ዘለለኝ። በእሱ ላይ ደግሞ ጥያቄ መጥቷል ይባላል፤ እንግዲህ እናያለን።

ጥሩወርቅን አጠገቤ አቆምኩና «ግራ እጅሽ መቀነትሽን ይያዝ። ማሽኑ እስከሚጠፋ ድረስ እንዳትለቂው» አልኳት። ሠራተኛው ሳቀብን፤ «መቀነቷ ሊፈታባት ነው እንዴ?» ይላሉ። ይሳቁ።

አራት ሰዓት ገደማ ወፍጮውን አነቀው። አየኋት። ቀኝ እጇ ተንቀሳቀሰ፤ መዳፏ ተዘረጋ። ግራዋ መቀነቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ቆመች። ዞራ አጠፋችው፤ እንጨቱን አንስታ ገፋችው። ጣቶቿ አሥሩም።

እኔ ግን የራሴን እጅ አየሁት። ባዶውን፣ ከነሕመሙ፣ በአየር ላይ ተነስቶ ነበር። መቼ እንደተነሳ አላውቅም። እሷም አይታዋለች። አወረድኩት። የእሷ እጅ በሳምንት ሊማር ነው፤ የእኔ ስንት እንደሚፈጅ እንጃ።

ስንወጣ ደመላሽ በር ላይ ቆሟል፤ በዱላው ተደግፎ። እንደምን ዋልክ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሰላም ብሎኝ ይሁን ዝንብ አባርሮ፣ አልለየሁም።