ሰሜንን ያዞርኩበት ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ጠዋት 3፡00

ደብተሬ፣ ዛሬም ቱቦ መሣል። ስድስት ወረቀት አልቋል፤ ሰባተኛው እንቢ ብሏል። ለሩዝ ፋብሪካው ነው፣ ከቦይለሩ ወጥቶ ወደ መዘፍዘፊያ ታንከሮቹ የሚሄደው የእንፋሎት መስመር። ረጅም፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ከዚያ እጥፍ። ሶፍትዌሩ ለሁለት ገጽ ይቆርጠዋል። በሁለተኛው ገጽ አንዲት ቁራጭ ቱቦ ብቻ ትቀራለች፣ ሠርግ ተጠርታ ወንበር እንዳጣች አክስት። ኢንጂነሩ እንዲህ ያለ ገጽ አይወድም። (ጫማው ዛሬም ያብረቀርቃል። በወረታ አቧራ! ጸሐፊያችን ትርንጎ፣ ታዝሎ ነው የሚመጣ ትላለች።)

8፡00

አገኘሁት። ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚያሳየውን ቀስት ከቀኝ ወደ ግራ አዞርኩት። ሥዕሉ አብሮ ዞረና አንድ ወረቀት ላይ ልክክ አለ። ቁጥር ከቁጥር አልተደራረበም። ኢንጂነሩ አመሰገነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከክረምት ወዲህ ደስ የሚለኝም የሚከፋኝም ነገር የለም፤ ታውቂያለሽ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 5

ትርንጎ ወሬ ይዛ መጣች። እኔን የሚፈልገው የአንበሳሜ ልጅ ወደ ቤታችን ሽማግሌ ሊልክ ነው። በግማሽ ጆሮ ሰማኋት። ወረቀቶቹ ወደ ግንባታው ወረዱ። የሚሠሩት በያጁ ጋሽ ዘውዱ ናቸው፤ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ጉልበታቸውን ሲነክሩ ሰንብተው መመለሳቸው ነው። በመስኮቴ ሲያልፉ ቆመው እንዴት አደርሽ ይሉኛል። ደህና ሳላድርም ይሉኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ቱቦው ወደ አጥሩ ዞሮ ተበየደ። ታንከሮቹ ወዲያ፣ የቱቦው አፍ ወዲህ። ጋሽ ዘውዱ ስድስቱን ወረቀት ሰሜን በቀኝ ብለው ሠሩ፣ ሰባተኛውንም እንደዚያው። በሰባተኛው ወረቀት ላይ ማን ቀስት ያያል? ዓይን የለመደውን ነው የሚያይ።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ቀስቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሥዕሉ ትክክል ነው፣ በያጁ አላነበበም አለ። እሳቸው ቆመው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። እኔም ቆሜአለሁ። ሥዕሉ እውነትም ትክክል ነው። ከዚያ ምሳ በላሁ። ሽሮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ዘውዱን ዓርብ ሊያሰናብቷቸው ነው። ደብዳቤውን የምትተይበው ትርንጎ ናት። «ሥዕል ባለማንበብ» የሚል አለበት አለችኝ። ይህ ቃል ይፋግ ገበያ ሲደርስ «ማንበብ የማይችል በያጅ» ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀጥራቸዋል? በዚህ ዕድሜ።

ከሰዓት ወደ ግንባታው ወረድኩ። ጋሽ ዘውዱ ቱቦውን እየቆረጡ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሩዝ ይታጨዳል፣ ፋብሪካውን የሚጠብቅ ሩዝ። ቀስቱ ለምን እንደዞረ ጠየቁኝ። አንድ ወረቀት ላይ እንዲያምር ብዬ ነው አልኳቸው። መቁረጫውን አጠፉት።

«አምሯል» አሉ። «እኔ ግን፣ እታለም፣ ‹ዞሯል› ብትይኝ ይበቃኝ ነበር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልሽ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 12፤ ጠዋት 2፡00

ጻፍኩት። አምስት መስመር። ሰሜኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ወረቀቱ ላይም ማሳሰቢያ አላኖርኩም፣ በያጁ ላይ ጥፋት የለም። ፈረምኩ። ትርንጎ አነበበችና በእሳቸው ፈንታ አንቺን ነው የሚያባርሩ አለች። ሊሆን ይችላል። እንደ ሌላ ሰው ወሬ ሰማሁት።

2፡40

ግልባጩን ለጋሽ ዘውዱ ሰጠኋቸው፣ ለሚጠይቃቸው ሰው እንዲያሳዩ። በሩ ላይ ቆመው ድምፅ አውጥተው አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። ስሜ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉኝ።

የሆነ ነገር ተሰማኝ። ከክረምት ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ደብተሬ፣ ምን እንደሆነ እንጃ። የኢንጂነሩ መኪና ገባ። የፈረምኩት ዋናው ወረቀት እጄ ላይ ነው። ሄጄ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ የሚመጣውን ማታ እጽፍልሻለሁ።