ስለ ዘማርያም የመጀመሪያ አዝመራና ስለ ሊቀመንበራችን ቅጠል የመለየት ችሎታ

ለተከበሩ አቶ ሳሙኤል በየነ
የመተዛዘን መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ፕሌኖ የገዙት አዲሱ ቤትም፣ የነዳጅ ማደያዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዕድሩ ካገዱኝ ቀን ጀምሮ ደኅና እንቅልፍ እተኛለሁ፤ በየወሩ ስብሰባ የሚያደርጉትን የአንድ ሰዓት ተኩል የመክፈቻ ንግግር ከመስማት ተገላግያለሁና። ለዚህ ውለታዎ አስቀድሜ እጅ እነሣለሁ።

በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት ነው ብለው እንዳያዝኑብኝ። ውሳኔዎን ለመቶ ሰማንያ አባወራ በቴሌግራም ስላሰራጩት፣ መልሱም በዚያው በር ቢገባ ይሻላል ብዬ ነው። ነገሩን ከመሀል የሰሙ አባላት ስላሉም ከመጀመሪያው እንድነሣ ይፍቀዱልኝ።

ወንድሜ ዘማርያም ከዕድራችን መሥራቾች አንዱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ወደ ግሬፕቫይን ሆቴሎች እንግዳ ሲያመላልስ ኖሮ፣ አምና የጨጓራ ካንሰር ያዘው። ልጁ ኤልዳና ኦክላሆማ ወዳለው ቤቷ ወስዳ ታስታምመው ጀመር። እዚያ፣ እንደኛ ቴክሳስ ሳይሆን፣ ሐኪም የፈቀደለትና የመንግሥቱን ካርድ የያዘ በሽተኛ በጓሮው ጥቂት እግር ካናቢስ ማብቀል ይችላል። የኬሞው መድኃኒት የምግብ ሽታ እንኳ ሲያስጠላው፣ ሐኪሙ ፈቀደለትና ኤልዳና አምስት እግር ተከለችለት። በጥቅምት ሲደርስ አባትም ልጅም አጭደው አያውቁም፤ እሱም መቀስ የሚይዝበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ እኔ ከመጋዘን ሥራዬ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። እኔም አላውቅም፤ ግን ጌሾና በርበሬ ሳደርቅ ያደግኩ ሰው ነኝና ቅጠል ደግሞ ምን ይከብዳል አልኩ።

ከበደኝ። ኤልዳና በትንሽ አጉሊ መነጽር አበባውን እየመረመረች፣ ነጩ ፀጉር ወደ ቡናማ የዞረውን ብቻ አሳየችኝ። እኔ ቆረጥኩ፤ መቀሱ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ሦስት ጊዜ በዘይት ወለወልኩት። ከዚያ እሷ ፋርማሲ ስትሄድ፣ የሁለቱን እግር ቆንጆ አድርጌ ሸራ ላይ በፀሐይ አሰጣሁት። ስትመለስ እጇን ራሷ ላይ ጭና «አክስቴ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ፀሐይ አይነካውም እኮ! ዳርክ ክሎዜት ውስጥ ተገልብጦ ሃንግ ይደረጋል፣ ማለቴ፣ አሥር ቀን!» አለችኝ፤ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቀላል ማለቷ ነው። የሁለት እግር አዝመራ በእኔ እውቀት ተቃጠለ። ይህንን ጥፋቴን አምናለሁ፤ በዕድሩ ደንብ ግን የሚያስቀጣ አንቀጽ አላገኘሁለትም።

የሚያስቀጣውን የሠራሁት ቀደም ብዬ ነው። ሸራው ገና ፀሐይ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሥቼ «የዘማርያም የመጀመሪያ አዝመራ፣ ተመስገን» ብዬ ለቤተሰባችን ግሩፕ የላክሁ መስሎኝ ለዕድሩ ግሩፕ ላክሁት። አባሎቻችን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሸራውን አይተው ጌሾ ነው አሉ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ «እሰይ! ጌሾ ኦክላሆማም በቀለ? ለልጄ ምርቃት ጠላ ልጠምቅ ነው፤ ሦስት ፓውንድ ሆልድ አድርጊልኝ» ብለው ጻፉ። አቶ ጫላ «ቅጠሉ ብቻ ነው ወይስ እንጨቱም አለ?» ሲሉ ጠየቁ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው አዘዘ። በሰባተኛው ደቂቃ እርስዎ «ይህ ማሪዋና ነው» ብለው ጻፉ፤ አሥራ ሰባቱም ትእዛዛቸውን አጠፉ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ካልኳቸው፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ችሎታዎ። ከመቶ ሰማንያ አባወራ መካከል፣ ጠላ ጠምቀው ያረጁ እናቶች ያልለዩትን ቅጠል፣ በስልክ ፎቶ፣ ያውም ተሰጥቶ ከጠወለገ በኋላ፣ እርስዎ ብቻ በአንድ እይታ ለዩት። ይህን እውቀት ከየት እንዳገኙት ለብዙ ቀን ሳሰላስል ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ከማደያዎ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ቀና ስል ግን፣ ያው ቅጠል በአረንጓዴ መብራት ተሠርቶ መስኮትዎ ላይ ሲበራ አየሁት። ውስጥ ገብቼ ደግሞ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ከማስቲካው ጎን፣ ከዚሁ ተክል ዘመድ የተሠራ ከረሜላ በየቀለሙ ተደርድሮ አገኘሁ። ሕጋዊ ነው ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። የወንድሜም ሕጋዊ ነበር። ልዩነቱ፣ የእርስዎ ለጤነኛ ይሸጣል፤ የእሱ ለታማሚ ተዘራ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት አልጠቅስብዎትም፤ እርስዎን በሚያህል ትልቅ ሰው ላይ ተረት መምዘዝ ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ። ከግራንድ ፕሬሪ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ዘማርያምን ለመጠየቅ ለቅዳሜ ተቀጣጥሮ ነበር። እርስዎ «የዕድሩ ስም ከዕፅ ጋር እንዳይነሣ» በማለት ለየሹፌሩ ደውለው አስቀሩ። የታመመ ሰው ቤት መሄድ ስም የሚያጠፋ መሆኑን ከእርስዎ በፊት ያስተማረን ሰው ስላልነበረ፣ እስከ ዛሬ ስንጠያየቅ የኖርነው በአላዋቂነት ነው። ኤልዳና የዚያን ቀን ለሃያ ሰው የሚበቃ ምግብ ሠርታ ነበር። ዘማርያም እስከ ማምሻው ድረስ ወደ በሩ ሲያይ ዋለ፤ እኔም መንገድ ተዘግቶባቸው ነው ብዬ ዋሸሁት።

ሦስተኛ፣ እኔን ለአንድ ዓመት ማገድዎ ነው። ይህንን ቅሬታ ትቼዋለሁ።

አራተኛው ላይ ግን ትሕትናዬ ትንሽ ያጥረኛል። ዘማርያምን ከአባልነት ሰረዙት። ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህ ሰው ከእኛ ምንም አይፈልግም። መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጠዋል፤ ምግቡንም ልጁ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ከዚያ ካልተቃጠለው አዝመራ ቅቤ ውስጥ አብስላ ከሰጠችው በኋላ፣ ከአርባ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «እስኪ ምስር ወጥ» ብሎ ጠይቆ አራት ጉርሻ በላ፤ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አንድ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ግራንድ ፕሬሪ መቀበር፣ ሲቀበርም እሱ ሌላውን እንደሸኘ በዕድሩ ሰዎች መሸኘት ነው። በየቀኑ «የዕድሩ ሰዎች ደኅና ናቸው?» ይላል። ስልክ ካነሣ ወር ስላለፈው መሰረዙን አልሰማም፤ እኛም አልነገርነውም።

የእርስዎን እናት የቀበርንበትን ቀን የረሱት አይመስለኝም። ቴክሳስ በበረዶ የተዘጋችበት፣ መብራትና ውኃ የጠፋበት ያ የካቲት ነበር። ከቦርዱ አባላት አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም። ዘማርያም በሆቴሉ ቫን እየተንሸራተተ አራት ወንድ ከየቤታቸው ለቅሞ አመጣ፤ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች በረዶው ላይ ሲወድቁ ሳጥኑን ከፊት በኩል የያዘው እሱ ነው። እርስዎ ያን ቀን አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «ወንድሜ፣ ይህንን ቀን ብረሳ እግዚአብሔር ይርሳኝ» አሉት። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። እርስዎ ስለረሱ እግዚአብሔርም ይርሳዎት ብዬ አልጸልይም፤ ያን ያህል አልጠላዎትም፤ የምንቅዎት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ ወንድሜ መሰረዙን ሳይሰማ ስሙን ወደ መዝገቡ እንዲመልሱት ነው። የእኔን እገዳ ከፈለጉ ሁለት ዓመት ያድርጉት፤ ከፈለጉ አሥር ያድርጉት።

የመክፈቻ ንግግርዎ እንዳያጥር፣ የመስኮትዎም አረንጓዴ መብራት እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከማይገባዎት አክብሮት ጋር፣

የታገደችው እኅትዎ
ሰብለወርቅ አደፍርስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጠይቀው ኦክላሆማ ተመልሼ፣ ደብዳቤውን እዚሁ ጨርሼ ልልክ ስል ዘማርያም ጠራኝና ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጣ። ለካ ውሳኔዎን በወጣበት ቀን አንብቦታል፤ ዝም ያለው እኔ እንዳላዝን ኖሯል። ደብዳቤዬንም አንብብልኝ ሳልለው ተቀብሎ አነበበውና ስለ መዝገቡ የጻፍኩትን እንድተወው ነገረኝ። በእሱ ምትክ አንድ ነገር ብቻ እንዲደርስዎት ይፈልጋል፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «እማማ ትንሽ ከብደውን ነበር። እኔ አሁን ዘጠና አራት ፓውንድ ነኝ። ሳሙኤል ከፊት በኩል ይያዘኝ፤ አልከብደውም በዪው።»