ፎርም አሳምሮ በመሙላቱ ስለተባረረው ወንድሜ

ይድረስ ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የአካቶ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ የሚሽከረከር ወንበር ቀኑን ሙሉ ሲያዞርዎት ስላየሁ ነው የምጠይቀው። መቼም ፊደል ለእርስዎ ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥልዎ እድለኛ ነዎት፤ እንደተቀመጠም ያቆይልዎ።

እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አስተማሪዬ ጋር ተጣልቼ ትምህርት ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ «ራዲዮ» ይለኛል፤ የሁለት ዓመት የውሃ ምህንድስና መጽሐፎቹን ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ስለሆንኩ። አንዴ የሰማውን አይረሳም። የተበላሸ ፓምፕ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይነግርዎታል። ወረቀት ላይ ግን ፊደል ይራወጥበታል፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ስምንት ገጽ ነው፣ የተሰጠው ሁለት ሰዓት። ሒሳቡን እርስዎ ይስሩት፣ እኔ አቋራጭ ነኝ።

ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር ላድርገው።

1. በርዎ ላይ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ብለው ስለለጠፉ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፣ አነበብኩለት፣ ደስ አለው።

2. ማንበብ የሚቸግረው ተማሪ አንባቢ እንዲመደብለት፣ መጀመሪያ አስራ አንድ ገጽ ፎርም ራሱ አንብቦ፣ በራሱ እጅ፣ ያለ ረዳት፣ በግማሽ ሰዓት ይሙላ ብለው ስለደነገጉ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ክራንች የሚፈልግ ሰው አስረኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቶ ይውሰድ እንደማለት ነው፤ ግን እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

3. እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው። አንድ ባዶ ፎርም እጄ ገባ፤ በማን በኩል እንደሆነ አልነግርዎትም፣ ሰው አላስበላም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን መልስ፣ የቱ መስመር ላይ እንደሚያርፍ ሳይቀር፣ እንደ ዘፈን አስጠናሁት። ጣቱ እስኪያብጥ ጻፈ። ያልተሟላ ፎርም ውድቅ ነው ስለተባልን ማሳመሩ የሚጠቅመን መስሎን ነበር፣ ሞኞች! በሃያ ስድስት ደቂቃ ጨረሰ። አንድ ስህተት የለበትም። እርስዎም ገለጥ ገለጥ አደረጉና «አንተ እኮ ከኔ በላይ ትጽፋለህ! ስንፍና ነው እንጂ ምንም የለብህም» ብለው ሳቁ። እሱም አብሮዎት ሳቀ። ቅር እንዳይልዎት፤ ሲሳቅበት አብሮ መሳቅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመደው ነው።

4. እኔ ላንብብለት ብል «አንባቢ ዲግሪ ያስፈልገዋል» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ባለ ዲግሪውን አንባቢ ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም።

5. በፈተናው ሁለት ገጽ አነበበ፣ የሁለቱንም ገጽ ጥያቄ በሙሉ አገኘ። አራሚው ከስር በቀይ «ቀሪውስ?» ብሎ ጻፈበት። እኔም ይኸው ስለ ቀሪው እርስዎን እጠይቃለሁ። አንባቢ ተመድቦለት ፈተናውን እንዲደግም ማመልከቻ አስገባን፤ መልስ ለመስጠት ስላልዘገዩም አመሰግናለሁ።

ፊደል ሁሉ ዕድሜ ልክዎን ዝም ብሎ እንዲቀመጥልዎ፣ ወንበርዎም እንዳይቆምብዎ ከልብ የምመኝ፣

ዲግሪ የሌላት፣ ማንም ያልመደባት አንባቢ

ማስታወሻ፦ ውሳኔዎ ዛሬ በፖስታ ደርሷል። ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ እንዳይከብደው አስበውለት ይሆናል። ወንድሜ ፖስታውን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና «ራዲዮ፣ እስቲ በይ፣ ፈቀዱልኝ?» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ። «ቀለሙ ደብዝዟል፣ አይታየኝም» አልኩት። ከእጄ ወሰደውና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ይህን ስጽፍልዎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ድምፁ ይሰማኛል። ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሷል። «ተሰናብተዋል» የሚለው ሦስተኛው ላይ ነው።