የመስፍን ዘጠኝ ቁጥር

ደብረ ታቦር፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩

አሮጊቷ መምህርት ፑል ቤት እየገባች ትወራረዳለች ይባላል አሉ። መግባቴ እውነት ነው፤ መወራረዴ ግን ሐሰት ነው። የልጄ የመስፍን የድሮ ግጥሚያ ቪዲዮ በፑል ቤቱ ባለቤት በሰይድ ስልክ ላይ ስላለ፣ እሱን ለማየት ነው የሄድሁት።

መስፍን አዲስ አበባ በፑል ሲተዳደር ያሸነፈው ግጥሚያ ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ፣ አልጋው ላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል። "እማዬ፣ ችሎታ ነበር ወይስ ዕድል? አንቺ አታባብይም።"

ጨዋታው ኳሶቹን ከትንሹ ቁጥር እየጀመሩ መምታት ነው፤ ዘጠኝ ቁጥርን በደንቡ ያስገባ ያሸንፋል። መስፍን ሦስት ቁጥርን መታ። ኳሷ ሄዳ ዘጠኝን ገፋች፤ ዘጠኝ ገባች። ሰዉ አጨበጨበ፣ ተጋጣሚው ግን በዕድል ነው ብሎ ሳቀ። መስፍን ሊመታ ሲያጎነብስ ዓይኑ ሦስት ላይ ይሁን ዘጠኝ ላይ ለማየት ቪዲዮውን ደጋግሜ አስከፈትሁ። ፊቱን የሰው ጀርባ ከልሎታል።

"እትዬ፣ ጎበዝ ነበርህ ይበሉት። ምን ይጎድልብዎታል?" አለኝ ሰይድ።

"አላየሁትማ" አልሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን በአንድ ፈተና መዝኜ አላውቅም። መስፍንን ደግሜ እንዳልፈትነው፣ ቀኝ እጁ ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም።

ስመለስ ዓይኑ በር ላይ ነበር። "ገና አላረምሁም" አልሁት።

"ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔን ወረቀት መጨረሻ ነው የምታርሚው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነገ መጀመሪያ እጁን በሞቀ ዘይት አሸዋለሁ። ቀጥዬ አጥሚቱን በማንኪያ አጠጣዋለሁ፣ ቀስ እያልሁ። አፉ ውስጥ አጥሚት እስካለ ድረስ አይጠይቀኝም።